የሚስስ ሼን ፒፓ ዝም ያለችበት ዘመን

ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ላይ ፓርኪንግ ፍለጋ ስዞር ቆይቼ፣ በመጨረሻ ከኦሎምፒክ ጎዳና ማዶ ፓርክ አድርጌ፣ በዚህ በሞተ ጉልበቴ እያነከስኩ ሳምሶን ምግብ ቤት ገባሁ። ሳምሶንን የማውቀው ገና እናቱ ጋሪ ላይ አድርጋ ስትገፋው ነው፤ ዛሬ የምግብ ቤት ጌታ ሆኗል፣ ጸጉሩም ከኔ ብሶ ሸብቷል። ግድግዳውን አዲስ ቀለም አስቀብቶ ክራሩን፣ መሰንቆውን፣ በገናውን ተራ በተራ ሰቅሏል። ከመካከላቸው አንድ ሆዱ የተነፋ፣ አንገቱ ወደ ኋላ የታጠፈ ነገር አየሁና የጎረስኩት አፌ ውስጥ ቀረ። «ሳምሶን፣ ይሄን ደግሞ ከየት አመጣኸው?» አልኩት። «ጋርዴና ያርድ ሴል ላይ፣ ደጅ ከወጣ አሮጌ ዕቃ መሐል አግኝቼው ነው እትዬ አስካለ። የድሮ ክራር ነው፤ የጎንደር ሳይሆን አይቀርም» አለኝ። የጎንደር! ሳቄ መጣ፣ ወዲያው ደግሞ ጠፋ። ፒፓ ነው እኮ፤ የቻይኖች ፒፓ። በሲባጎ አንገቷን አንቀው ሰቅለዋታል፣ ክሮቿ ረግበዋል፣ አንዱም ተበጥሷል። «አውርዳት» ልለው አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ዱሮ ቢሆን እዚያው እንጣላ ነበር፤ አሁን ግን ጠብም አቅም ይፈልጋል። ቤቴ ገብቼ እግሬን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሬ ስቀመጥ የዱሮ አከራዬ ሚስስ ሼን መጡብኝ። ስንት ዓመቴ እሳቸውን በደንብ ካሰብኳቸው!

ያኔ፣ የዛሬ ሃምሳ ዓመት ገደማ፣ ፌርፋክስ የኛ አልነበረም። አንድ የአማርኛ ታፔላ አታገኝም፤ በርበሬ ብትፈልግ ከአገር ቤት የሚመጣ ሰው መጠበቅ ነው። የአይሁድ ዳቦ ቤት ነበር፣ ልብስ ሰፊ ነበር፣ ጫማ የሚያድስ አንድ ተቆጪ ሽማግሌ ነበር። ዓርብ ዓርብ የሚጋገረው የተጎነጎነ ዳቦ ሽታው እስከ ፒኮ ጎዳና ድረስ ይከተል ነበር፤ ርቦኝ ከአውቶቡስ ስወርድ እንባዬ ሊመጣ ይደርሳል። አውቶቡሱ ሃያ አምስት ሳንቲም ነው። ቤንዚን የጠፋበት ሰሞን ደግሞ ባለመኪናው ሁሉ ማደያ ላይ ተሰልፎ ሬዲዮውን ከፍቶ ፀሐይ ላይ ሲንቃቃ፣ እኛ መኪና የሌለን ድሆች በአውቶቡስ መስኮት እያየን እንስቅ ነበር። ሴቱም ወንዱም ቤል ቦተም ሱሪ ለብሶ መንገዱን ይጠርጋል። ጫማው ታኮው እንደ በርጩማ ነው፤ ስንቷ እግሯን ተሰብራለች! አፍሮዬን በአውቶቡስ ውስጥ ከኋላዬ የሚቀመጥ ሰው ሁሉ ይረግመው ነበር። ሬዲዮኑ ቀኑን ሙሉ ስለ ፍቅርና ስለ ጭፈራ ነው የሚዘፍነው፤ ግጥሙ ባይገባንም ትከሻችን ይገባው ነበር። ታዲያ ያን ሁሉ ቀለም፣ ያን ሁሉ ጭፈራ፣ እኔ በጥቁር ቀሚስ ሆኜ ነው ያሳለፍኩት። ወደሱ እመጣለሁ።

ክፍሉን ያገኘችልኝ ሮማን ናት፤ ከአዲስ አበባ አብረን የመጣን ጓደኛዬ። እኔ ነርሲንግ ልማር ነበር የመጣሁት፣ ማታ ማታ ደግሞ አንድ ካፍቴሪያ ሳህን አጥባለሁ። ከፌርፋክስ ሁለት ብሎክ ገባ ብሎ አንዲት ቻይናዊት ባልቴት ቤታቸው ውስጥ ክፍል ያከራያሉ፣ በወር ስልሳ ዶላር፣ አለችኝ። ሄድኩ። በሩን የከፈቱልኝ እስከ ደረቴ የማይደርሱ፣ ሹራባቸውን እስከ አንገታቸው የቆለፉ ሴትዮ ናቸው። ከላይ እስከ ታች፣ ከዚያ አፍሮዬን አዩና «ጫማ ውጪ» አሉኝ። የመጀመሪያ ቃላቸው ይሄ ነው። ሚስስ ሼን ከሻንጋይ አካባቢ ነው የመጡት፤ ባላቸው ሞተዋል፣ ሄንሪ የሚባል አንድ ልጃቸው ፓሳዴና ቢሮ ይሠራል። ቤቱ ውስጥ ሕጉ ብዙ ነው፤ ጫማ የለም፣ በር መወርወር የለም፣ ጠዋት ጠዋት እሳቸው ሳሎን ሲቀመጡ ደግሞ ማንም አይናገርም። ለምን እንደሆነ በማግስቱ ሰማሁት።

ፒፓ ላላየው ሰው፣ ትልቅ ቅል ለሁለት ተሰንጥቆ፣ በስስ ሳንቃ ተከድኖ፣ አንገት እንደተቀጠለለት ነው። አራት ክር አለው። ጭን ላይ ቀጥ ተደርጎ ይቆማል፣ ፊቱን ወደ ሰው አዙሮ። በቀኝ እጅ ጣቶች ላይ ሰው ሠራሽ ጥፍር በፕላስተር ይታሰርና ጣቶቹ አንድ በአንድ ይወረወራሉ። ሲፈጥኑ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ነው፤ ሲዘገዩ ደግሞ አንዷ ድምፅ ብቻዋን ቀርታ ስትንቀጠቀጥ ሆድ ትበላለች። እኔ ያን ጠዋት ጥርሴን ልቦርሽ ወጥቼ ብሩሹን አፌ ውስጥ እንዳደረግሁ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ሚስስ ሼን ሲጨርሱ ሳይዞሩ «አረፋሽ ምንጣፌ ላይ እየወረደ ነው» አሉኝ።

ቀስ በቀስ ነገሩኝ። ፒ ማለት ጣትን ወደ ፊት መወርወር ነው፣ ፓ ደግሞ ወደ ራስ መመለስ፤ ስሟም ሥራዋም ይኸው ነው። «ቻይና ተወለደች እንዳትይ» አሉኝ። «ከምዕራብ ከበረሃው ማዶ፣ ከፈረሰኛና ከግመል ነጋዴ ጋር የገባች እንግዳ ናት። መጀመሪያ ፈረስ ላይ ሆነው እንደ ጊታር አጋድመው፣ በእንጨት መምቻ ነበር የሚመቷት። በኋላ ቤተ መንግሥት ገባች፣ ነገሥታቱ ወደዷት፣ መምቻው ተጣለና በጣት ሆነ፣ እሷም ቀና ብላ ተቀመጠች። እንዲህ እንዲህ እያለች የኛ ሆነች።» ስንት ዓመት ፈጀባት አልኳቸው። «ሺህ ዓመት አይበቃውም።» «እኔስ አሜሪካዊ ለመሆን ስንት ይፈጅብኛል?» ብላቸው «አንቺ ገና የስልክ ቢል በስምሽ አልመጣልሽም» አሉኝ። በልጅነታቸው ክሩ ሐር ነበር፤ ድምፁ ለስለስ ያለ፣ ለሰው ድምፅ የቀረበ። እሳቸው ካደጉ በኋላ ብረት መጣ፣ ብረቱ የሰው ጥፍር ስለሚበላ ያ በፕላስተር የሚታሰረው ጥፍር ግድ ሆነ። ሐሩ ከጠፋ ወዲህ የሰሙት ሁሉ ጩኸት እንደሚመስላቸው ይናገሩ ነበር፤ ግን ይኸው በዚያው ጩኸት ጠዋት ጠዋት ያባብሉኛል።

አንድ እሑድ ሳህን እያጠብኩ አባቴ ጢሙን ሲላጭ የሚያንጎራጉራትን ዜማ አንጎራጎርኩ። ሚስስ ሼን መጥተው በሩ ላይ ቆሙ። «ይሄን ማን አስተማረሽ?» «አባቴ።» «አባትሽ ቻይና ኖሯል?» «አባቴ ከናዝሬት ወዲያ አልፎ አያውቅም።» «እንግዲያው ሰርቃችሁናል።» «ኧረ እናንተ ናችሁ የሰረቃችሁን!» አልኩ እጄን ከሳሙናው አውጥቼ። ፒፓዋን አምጥተው፣ ወንበር ስበው ዜማውን መቱት። የኛ የትዝታ ቅኝት እኮ ነው! አምስቱም ድምፅ በእሳቸው ክር ላይ ቁጭ ብሎ ኖሯል። በእነሱ ቤት ሌላ ስም አለው። ያን ቀን ስንከራከር ሩዙ አረረ። ከዚያ ወዲህ ያቺን ዜማ በገዛ እጄ መምታት አማረኝ። መማር አልኩ እንጂ ሙዚቀኛ ልሁን አላልኩም፤ ያቺን አንዲቷን ብቻ። አባቴ እንኳን ዘፋኝ ሊሆን፣ ቴሌ ሲሠራ የኖረ ዝምተኛ ሰው ነበር። ስመጣ አየር ማረፊያ ላይ አንዲት ቃል አልተናገረም፤ አገጬን ያዝ አድርጎ ለቀቀኝ፣ በቃ።

«መማር ከፈለግሽ ወግ አለው» አሉኝ። ሻይ ቀዱና በሁለት እጄ እንዳቀርብላቸው፣ ዝቅ ብዬ እንድሰጣቸው ነገሩኝ። እጅ መንሳትማ የኛ ሙያ አይደል? ከወገቤ እጥፍ ብዬ ሰጠኋቸው። ገረማቸው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ለትምህርት የሚመጡት እዚሁ የተወለዱ የቻይና ልጆች አንገታቸውን እንኳን አይሰብሩላቸውም። ሻዩን ጠጥተው «እንግዲህ ተማሪዬ ከሆንሽ የቤቱ ልጅ ነሽ። የቤቱ ደስታ ያንቺ ነው፣ ያንቺም ሐዘን የቤቱ ነው» አሉ። ወግ ነው ብዬ አለፍኩት። እሳቸው ግን ዝም ብለው የሚናገሩ ሰው አልነበሩም።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ያለሱ የቀረው አይገባም። ሚስስ ሼን ቁርጥማት ነበረባቸው። ጠዋት ጠዋት እጃቸውን በሙቅ ውሃ ነክረው፣ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ እየዘረጉ፣ ከዚያ ነው ፒፓውን የሚያነሱት። ትንሿ ጣታቸው ጨርሳ ታጥፋለች። «ባሌ ሲሞት ጥቂት ወራት ክር አልነካሁም፤ ይቺ ያኔ የቀረች ናት» ብለው አሳዩኝ። «ሐዘን ያለበት ቤት ክር አይመታም፣ ወጋችን ነው። ግን ጣቶቼ ሲያርፉ ይዘጋሉ፣ ከተዘጉም አይከፈቱም። ሁለተኛ እንዲህ ብቆም ሌሎቹም ይሄዳሉ።» ስለዚህ በየቀኑ ይመታሉ። ጉንፋን ቢይዛቸው፣ ዝናብ ቢዘንብ፣ ሄንሪ መጥቶ ቢቆጣ፣ ይመታሉ። እኔም አጠገባቸው ተቀምጬ ፒ-ፓ፣ ፒ-ፓ እያልኩ ያቺን ዜማ እስከ ግማሽ አድርሻት ነበር።

አባቴ መሞቱን ከኔ በፊት የሎስ አንጀለስ ሐበሻ ሁሉ ያውቅ ነበር። ያኔ ብዙም አልነበርን፤ ግን ሁሉም ሰምቶ ሁሉም ዝም አለ። መቼም የኛ ወግ ነው፤ መርዶ በስልክ አይነገርም፣ በመንገድ አይነገርም፣ ሰው ተሰብስቦ ጎህ ሲቀድ በር አንኳኩቶ ነው። ጋሼ ታደሰ የምንለው ተማሪ ነበር፤ ጋሼ ያልነው ከሁላችን ትንሽ ከፍ ስለሚልና ጢም ስላለው ብቻ ነው፣ ሌላ ሽማግሌ ከየት እናምጣ? እሱ ለሚስስ ሼን ደውሎ «አባቷ ሞቶባታል፤ እስከ ቅዳሜ ጠዋት አይንገሯት፣ በሩን ብቻ ይክፈቱልን» አላቸው። ዓርብ ለትምህርት ስቀርብ «አሞኛል» ብለው ክፍላቸው ገቡ። ቅዳሜ ገና ዓይን ሰው ሳይለይ ሳሎን ውስጥ የእግር ኮቴ ሰማሁ። ብወጣ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ ካልሲያቸውን ብቻ አድርገው ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። ያን ጊዜ እንኳን ጫማ ውጪ! ነጠላውን ሳይ ገባኝ። «ማነው?» አልኩ። ሮማን አቀፈችኝ፤ «አባባ» አለች። ከዚያ የሆነውን አልጽፈውም።

ጎረቤቱ ግን ጩኸቱን ሰምቶ ሰው የሚታረድ መስሎት ፖሊስ ጠራ። ጎረምሳ ፖሊስ ነው፣ እጁ ሽጉጡ ላይ። ጋሼ ታደሰ «ሪላክስ ኦፊሰር፤ ለቅሶ ነው፣ አባቷ ሞቶባት ነው» አለው። «አስከሬኑ የት ነው?» «አዲስ አበባ።» «ታዲያ እዚህ ምን ታደርጋላችሁ?» ሚስስ ሼን በሰው መሐል ሾልከው ወጡና ቀና ብለው እያዩት «ቤቱ የኔ ነው። ያልቅሱ» አሉት። ፖሊሱ ባርኔጣውን ነካ አድርጎ ሄደ። ከዚያ ሁላችንም እያየን፣ ለቀስተኛው ሁሉ ምንጣፉ ላይ ተቀምጦ እያየ፣ ፒፓዋን አነሱ፣ አራቱንም ክር አረገቡ፣ በሰማያዊ ጨርቅ ጠቅልለው ቁምሳጥኑ አናት ላይ አወጧት። ሮማን «እንዴት ያሉ ወግ አዋቂ ናቸው እባካችሁ» ብላ እንደገና አለቀሰች። እኔም በሐዘኔ ውስጥ ሆኜ ደስ አለኝ፤ አባቴ በማያውቀው ሰው ተከበረ።

አሁን መርዶ በቴክስት ነው። ባለፈው ወር የግሮሰሪ ሰልፍ ላይ ቆሜ ስልኬ ጮኸ፤ አብራኝ ሃያ ዓመት ሆስፒታል የሠራች ሴት አርፋለች፣ ከሥር የተጣመሩ እጆች ሥዕል። ገንዘብ ተቀባይዋ ልጅ «ማዳም፣ ካርድ ነው ካሽ?» ትለኛለች። ካርድ አልኩ፣ ምን ልበል? ለቅሶውም በስክሪን ሆነ፤ ሰዉ ሁሉ በየሳጥኑ ተቀምጦ ያለቅሳል፣ አንዱ ማይክሮፎኑን መዝጋት ረስቶ ሲያኝክ ይሰማል። አልፈርድባቸውም። እኔም ለመሄድ ጉልበት የለኝ። ግን ያ ካልሲ ያደረገ ሰው ሁሉ ግድግዳ ተደግፎ የቆመበት ጠዋት ትዝ ሲለኝ፣ ሞትስ ያኔ ነበር እላለሁ። ይቅር ይበለኝ።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ጥቁር ለበስኩ። አርባው ወጣ፣ ፒፓዋ አልወረደችም፤ የቅዳሜዎቹ ተማሪዎችም ቀሩ። ጠዋት ጠዋት ቤቱ ጸጥ ይላል፤ የማቀዝቀዣው ሞተር ብቻ ሲያጓራ ይሰማል። ሚስስ ሼን ሳሎን በተለመደው ሰዓት ይቀመጣሉ፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ግድግዳ ያያሉ። በክረምቱ የቀለበት ጣታቸው ታጠፈች። አየሁ። የሻይ ስኒ ሲያነሱ በመዳፋቸው ደግፈው መሆኑን አየሁ። ግን ምን ልበል? ሐዘንተኛ ነኝ፤ ሐዘንተኛ ደግሞ አፍ አውጥታ «ዘፈን አምጡልኝ» ትላለች እንዴ? ጥቁሬንስ እንዴት በራሴ ላውልቅ? በኛ አገር ጥቁር በራስ እጅ አይወልቅም። ሰው ይመጣል፣ ታላቅ ይመጣል፣ «በቃሽ ልጄ፣ እሱም አይወድልሽም» ብሎ፣ ልብስ አምጥቶ ያስወልቃል። በራሷ ያወለቀች «ሞቱን ስትጠብቅ ኖሯል» ትባላለች። ስለዚህ ጠበቅሁ፤ በሙት ዓመቱ መጥተው ያወልቁልኛል ብዬ።

ማንም አልመጣም። በዚያው መሐል አገር ቤት የሆነው ሆነ፤ ንጉሡ ወረዱ፣ ሌሎች መጡ፣ እኛም እዚህ ፌርፋክስ ላይ ለሁለት ተሰነጠቅን። ጋሼ ታደሰ በአንደኛው ወገን፣ ሮማን በሌላኛው። በምን እንደተጣሉ ዛሬ ብትጠይቁኝ በቅጡ አልነግራችሁም፤ ያኔ ግን በአንድ አውቶቡስ አይሳፈሩም ነበር። ሮማን እኔን ከነታደሰ ጋር ቆጠረችኝ፣ ታደሰም ከነሮማን ጋር። ያቺን ጥቁር ያኛው ወገን ያውልቅላት ተባብለው እኔ እንደለበስኩ ቀረሁ። ከማንም አልነበርኩም እኮ! ጠዋት ክፍል፣ ማታ ሳህን። ሙት ዓመቱ አለፈ፣ ጥቁሩ በፀሐይ ነጣ፣ ሌላ ጥቁር ገዛሁ። ካፍቴሪያው ውስጥ ሴቶቹ ገዳም ልገባ የተዘጋጀሁ መሰላቸው። ቤት ውስጥ ያለችኝ ታላቅ አንዲት ናት፣ ሚስስ ሼን፤ እሳቸው አንድ ቀን «አውልቂ» ይሉኛል እያልኩ ፊት ፊታቸውን አያለሁ። እሳቸውም ቀሚሴን ቀሚሴን ያያሉ። ሌላ ክረምት መጣ።

አንድ እሑድ ሄንሪ ከፓሳዴና መጣ። እናቱ የፈላ ውሃ ማንቆርቆሪያ ከእጃቸው አምልጧቸው እግራቸውን ተቃጥለዋል፤ ቁስሉን እኔ ነኝ ያሰርኩላቸው። «ብቻዋን መኖር አትችልም፣ ዛሬ ወደኔ እወስዳታለሁ» አለ። ቤቱ ሊሸጥ ነው። ሻንጣውን መኪና ላይ ሲጭን በረንዳው ላይ ያዘኝና «አስካለ፣ እናቴ ለምንድን ነው መጫወት የተወችው? በጦርነቱ ጊዜ እንኳን ቦምብ እየወረደ ትጫወት ነበር። ዶክተሩ ጣቷ የሞተው ስላቆመች ነው ይላል» አለኝ። በኔ ሐዘን ምክንያት መሆኑን ለገዛ ልጃቸው እንኳን አልነገሩትም። ገብቼ ፊታቸው ቆምኩ።

«እማማ፣ ፒፓዋን ለምን አያወርዷትም?»

«አንቺ ጥቁር ለብሰሽ?» አሉኝ ተገርመው።

«እኔማ እርስዎ አውልቂ እስኪሉኝ እየጠበቅሁ ነው!»

«እኔ ምን አግብቶኝ? የሞተው ያንቺ አባት ነው። ሐዘን የሚያበቃው ሐዘንተኛው ‹በቃኝ› ሲል ነው። የሰው ሐዘን በምን አንደበት አቋርጣለሁ?»

«በኛ አገር ሐዘንተኛው አይልም፤ ታላቅ ነው የሚለው። እዚህ ቤት ታላቅ እርስዎ ነዎት።»

ውጪ ሄንሪ የመኪናውን የኋላ ኮፈን ሲዘጋ ይሰማል። በአክብሮት ተገዳደልን በሉኛ! ሁለት ሰው አንድ ጣራ ሥር፣ አንድ ማሰሮ ሩዝ እየበላ፣ እርስ በርስ እየተከባበረ፣ አንዱ የሌላውን አፍ እየጠበቀ። አንዲት ቃል እኮ ናት። እስከ ዛሬ ሳስበው የሚያናድደኝ ይሄ ነው፤ ማንም ክፉ አልነበረም፣ የምወቅሰው ሰው እንኳን የለኝም።

ሚስስ ሼን ተነሥተው ከቁምሳጥናቸው የጨርቅ ቁልፍ ያላት ሰማያዊ ጃኬታቸውን አወጡ። «ታላቆቻችሁ ምን ብለው ነው የሚያስወልቁት?» «በቃሽ ልጄ ነው የሚሉት።» ሁለቴ አስደገሙኝ። ከዚያ ቀና ብለው፣ ያቺን የማትታዘዝ እጃቸውን አገጬ ላይ አድርገው፣ በተሰባበረ አማርኛ «በቃሽ፣ ልጄ» አሉኝ። አባቴን ያን ቀን ነው በደንብ ያለቀስኩት። ጃኬቷ ክንዴ ላይ ክርኔን አታልፍም፣ ደረቴ ላይ አትገጥምም፤ ለብሼ ቆምኩ፣ እሳቸውም አዩኝና ሳቃቸው መጣ።

ወንበር ላይ ወጥቼ ፒፓዋን አወረድኳት። ጨርቁን ፈታሁ፤ አቧራው አስነጠሰን። ክሮቹን እሳቸው እየሰሙ እኔ አጠበቅሁ። ጥፍሮቹን በፕላስተር ጣቶቻቸው ላይ አሰርኩላቸው፤ የታጠፉትን ማሰር ከሚገባው በላይ ጊዜ ፈጀ። ጭናቸው ላይ አቆሟት፣ ትንፋሽ ሳቡ፣ ጣታቸውን ወረወሩ። ፒ አለች። መመለስ ግን አልቻለችም፤ ጣታቸው በሄደችበት ቀረች። እንደገና ሞከሩ። ሦስተኛም። እጃቸውን እንደ ሌላ ሰው እጅ አዩት። አልቅሰው ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ አላለቀሱም። ጥፍሮቹን አንድ በአንድ አወለቁና እጄን ስበው በኔ ጣቶች ላይ ያስሩ ጀመር፤ ፕላስተሩን በጥርሳቸው እየቆረጡ። «አንቺ ምቺ፤ እኔ እሰማለሁ» አሉኝ።

የማውቀው ያቺኑ የአባቴን ዜማ ነው፤ እሷንም እስከ ግማሽ። ጣቴ ተሳሰረ፣ ክር ሳትኩ፣ ጥፍሩ ተንሸራተተ። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ግማሽዋ ላይ ስደርስ የቀረውን በአፋቸው እያዜሙ ቀጠሉልኝ፤ እኔ ደግሞ በጣቴ እየተከተልኩ። እንዲህ ሆና ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ መጨረሻዋ ደረሰች። ቀና ስል ከባድ ነገር ያወረዱ ያህል ትከሻቸው ዝቅ ብሏል። ውጪ ሄንሪ ክላክስ አደረገ። «እማማ፣ ልጅዎ እየጠበቀ ነው» አልኳቸው።

«ይጠብቅ» አሉኝ። «እኛ ሁለት ዓመት ስንጠባበቅ አልኖርንም? ከመጀመሪያው ምቺ።»